የዳኑብ ገደል መንገድ የትራያን ብቻ አይደለም

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሰርቢያንና ሩማኒያን በሚያዋስነው የዳኑብ ገደል ውስጥ ሮማውያን ቋጥኝ ቆርጠው የሠሩት መንገድ እንደነበረ አነበብኩ። የሠራው ትራያን የሚባል ቄሣር ነው ይላሉ። ግን ለምን ገደል ውስጥ ገቡ? ተራራውን ዞረው ቢሄዱ አይቀላቸውም ነበር? ቋጥኙንስ ያለ ፈንጂ እንዴት ቆረጡት? መንገዱ አሁንም አለ ወይ? በፎቶ የማየው አንድ የተቀረጸ ድንጋይና ከማዶ ያለ ግዙፍ የሰው ፊት ብቻ ነው። ፊቱ የትራያን ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሮማን ዘመን ታሪክ አስተምራለሁ። ከሮማ መንገዶች ሁሉ እንደዚህኛው ልቤን የሚይዘው የለም። ስለዚህ ረዘም ካደረግኩት ታገሱኝ።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። መንገዱ ነበረ። የተሠራው ግን በአንድ ቄሣር ሳይሆን በአራት ቄሣሮች ዘመን ነው። ቄሣሮቹ ቋጥኙ ላይ ካስቀረጹት ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ወደ 70 ዓመት ገደማ አለ። ገደል ውስጥ የገቡት ወንዙን ፈልገው ነው። መንገዱ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። ፊቱም የትራያን አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውን ሳያውቁ መንገዱን መረዳት ስለማይቻል ከቦታው ልጀምር። ዳኑብ ከጀርመን ተነስቶ ጥቁር ባሕር ይገባል። ከቤልግሬድ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተራሮች ይጋረጡበታል። ወንዙ እነዚህን ተራሮች ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ስንጥቁ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሰርቦች ጀርዳፕ ይሉታል፤ ሌላው ዓለም የብረት በር በሚለው ስም ያውቀዋል። አንዳንድ ቦታ ሸለቆው ይሰፋና ለመንደርና ለእርሻ የሚሆን መሬት ይገኛል። ካዛን የሚባለው ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ወንዙ ወደ 150 ሜትር ይጠብባል። ገደሉ በሁለቱም በኩል ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በጥንቱ ጊዜ እዚያ ዳር ላይ እግር የሚያሳርፍ መሬት አልነበረም።

ከካዛን ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የወንዙ ወለል ላይ ቋጥኞች ተጋድመዋል። ውሃው በእነሱ ላይ እየተላተመ በኃይል ይወርዳል። ቁልቁል የሚሄድ ጀልባ መሪውን ካጣ ያልቅለታል። ሽቅብ የሚመጣ ጀልባ ደግሞ በመቅዘፊያ ብቻ አይችለውም። ይህን ሁለተኛውን ችግር ልብ በሉልኝ። የመንገዱ ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሮማውያን እንምጣ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳኑብ የግዛታቸው ጠረፍ ሆነ። ደቡቡ ዳር ሞይሲያ የሚባል የሮማ ክፍለ ሀገር ነበር። ከሰሜኑ ማዶ ዳኪያውያን ይኖሩ ነበር። ሮማ ጠረፉን የምትጠብቀው በሌጌዎኖች ነው። አንድ ሌጌዎን ወደ 5,000 ሰው ገደማ ይይዛል። እስቲ እናስላው። ለአንድ ወታደር በቀን አንድ ኪሎ የማይሞላ እህል ብንሰጠው እንኳን፣ አንድ ሌጌዎን በቀን ከ4 ቶን በላይ ይበላል። የፈረሱና የበቅሎው ገብስ፣ ወይኑ፣ ዘይቱ፣ ብረቱ፣ ቆዳው ገና አልተቆጠረም። ይህን ሁሉ በየቀኑ፣ ክረምት ከበጋ፣ ጠረፍ ድረስ ማድረስ ያስፈልጋል።

«ተራራውን ዞረው ቢሄዱስ?» ለሚለው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ሰው ተራራ ይዞራል። እህል ግን ተራራ ሲዞር በጣም ውድ ይሆናል። በሬ የሚስበው ጋሪ ቀርፋፋ ነው፤ በሬዎቹም ይበላሉ። በጥንቱ ዓለም በውሃ ማጓጓዝ በየብስ ከማጓጓዝ እጅግ ይረክስ ነበር። ሮማውያን ደግሞ ዳኑብን የሚያህል ወንዝ አላቸው። ምዕራቡን ከምሥራቁ የሚያገናኝ፣ ከሲንጊዱኑም፣ ማለትም ከዛሬዋ ቤልግሬድ፣ እስከ ጥቁር ባሕር የሚወስድ። መሀል ላይ ያለው ይህ ገደል ብቻ ነው የሚያሰናክለው።

ስለዚህ መንገዱ የወንዙ ረዳት ነበር። ጀልባ ሽቅብ አልሄድ ሲል ገመድ ይታሰርበታል። ሰዎች ወይም እንስሳት ዳር ዳሩን እየሄዱ ይጎትቱታል። ለመጎተት ደግሞ የሚረገጥ መሬት ያስፈልጋል። ተራራው ጫፍ ላይ የሚሄድ መንገድ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። መንገዱ የግድ ከውሃው ሳይርቅ፣ ገመድ በሚደርስበት ከፍታ ላይ መሄድ አለበት። እርግጥ ነው፣ ወታደርም ይሄድበታል፤ ደብዳቤም ያልፍበታል፤ ምሽጎቹንም እርስ በርስ ያገናኛል። እነዚህ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግን ያን ሁሉ ቋጥኝ ለመቁረጥ ምክንያት አይሆኑም ነበር ብዬ አምናለሁ። ያስቆረጣቸው ጀልባው ነው።

ይህን ከግምት ያለፈ የሚያደርገው ከብዙ ዘመን በኋላ የሆነው ነገር ነው። በ1896 በሲፕ መንደር አጠገብ ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉበት ቦይ ተከፈተ። ምረቃው ላይ የኦስትሪያ-ሃንጋሪው ንጉሠ ነገሥት፣ የሰርቢያ ንጉሥና የሩማኒያ ንጉሥ ተገኝተው ነበር። የእንፋሎት ሞተር ዘመን ነው እንግዲህ። ሆኖም በቦይው ውስጥ የውሃው ፍጥነት ከባድ ሆነ። ሽቅብ የሚመጡ መርከቦች በራሳቸው ኃይል መውጣት አቃታቸው። በመጨረሻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦይው ዳር የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ሎኮሞቲቭ መርከቦቹን በገመድ ይጎትት ጀመር። ሥራው በ1960ዎቹ መጨረሻም አልቆመም ነበር። ሞተር ያለው መርከብ እንዲህ ከተቸገረ፣ የሮማ እህል ጫኝ ጀልባ ምን ያህል ጎታች እንደሚያስፈልገው መገመት አይከብድም።

ወደ ሠሪዎቹ ልለፍ። ትራያን ሠራው የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የሚታየው ድንጋይ የእሱ ነውና። ቋጥኙ ላይ ግን የሌሎችም ስም ተቀርጾ ተገኝቷል።

የመጀመሪያው የጢባርዮስ ነው። በሉቃስ ወንጌል «ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ» ተብሎ የተጻፈው ራሱ ነው። ጽሑፉ የተቀረጸው በ33 ወይም በ34 ዓ.ም. ነው። አስቡት፤ የወንጌሉ ታሪክ በኢየሩሳሌም ሲፈጸም፣ በዚያው ቄሣር ስም ወታደሮች በዳኑብ ገደል ላይ ቋጥኝ ይፈልጡ ነበር። የሠሩት ክፍሎች ስምም ተጽፏል፦ አራተኛው ስኪቲካና አምስተኛው ማኬዶኒካ የሚባሉት ሌጌዎኖች ናቸው። ይህ ዝርዝር ለእኔ ከቄሣሩ ስም ይበልጣል። የሠራው ማን እንደሆነ ይነግረናል። ቋጥኙን የፈለጡት እነዚያው ጠረፉን የሚጠብቁት ወታደሮች ናቸው።

ሁለተኛው የቀላውዴዎስ ነው፤ በ46 ዓ.ም. የተቀረጸ። ይህም በሐዋርያት ሥራ ስሙን የምናውቀው ቄሣር ነው። ከጢባርዮስ ሥራ 12 ዓመት ገደማ ብቻ አልፎ ነው እንደገና እጅ የገባበት።

ሦስተኛው ደግሞ የድምጥያኖስ ነው። ዘመኑ 92 ወይም 93 ዓ.ም. ነው። ይህ ጽሑፍ ከሌሎቹ የበለጠ ይናገራል። ስኮርፉላይ በሚባለው ስፍራ ያለው መንገድ በዕድሜ ብዛትና በዳኑብ መትመም እንደተበላሸ፣ ሰባተኛው ክላውዲያ ሌጌዎንም እንደገና እንደሠራው ይገልጻል። ሰባተኛው ክላውዲያ ሰፈሩ ቪሚናሲየም ነበር፤ ከገደሉ መግቢያ ወደ ላይ፣ ዛሬ ኮስቶላች በምትባለው ከተማ አጠገብ።

«በዳኑብ መትመም» የሚለውን አትለፉት።  እዚህ ወንዙ መንገዱን እንደመታው በግልጽ ተጽፏል። የመንገዱ ታሪክ በሙሉ የዚህ ትግል ታሪክ ነው። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ጎርፍ ይመጣል። በክረምት ወንዙ ላይ የበረዶ ግግር ይንሳፈፋል፤ የነካውን ሁሉ ይሰብራል። እንጨት ደግሞ በተፈጥሮው ይበሰብሳል። በየጊዜው የሚጠግነው ከሌለ መንገዱ አይኖርም ማለት ነው።

እንጨት ያልኩት በምክንያት ነው። ስለ አሠራሩ የተጠየቀውን እዚሁ ልመልስ። የሮማ መንገድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀጥ ያለና በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ነገር ነው። እዚህ እንደዚያ አልነበረም። መንገዱ የወንዙን እጥፋት ተከትሎ ይጠማዘዛል። ገደሉ በሚጠብበት ቦታ ወለሉ የተቆረጠው ቋጥኝ ራሱ ነው። አለቱ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም በብረት ይሸነፋል። መሣሪያቸው መዶሻ፣ መሮ፣ ዶማና ሽብልቅ ነው። ገደሉን ከጎኑ ይቦረቡሩታል። የላይኛው ቋጥኝ እንደ ጣሪያ ይቀራል፤ የታችኛው ወለል ይሆናል። በወንዙ በኩል ያለው ጎን ክፍት ነው። እንዲህ የተገኘው ወለል ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነበረው።

ሁለት ሜትር ለአንድ ሰው ይበቃል። ከፊት ለፊት ለሚመጣ ጭነት ግን አይበቃም። ስለዚህ ከወለሉ ዝቅ ብለው ቋጥኙ ውስጥ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች በረድፍ ፈለፈሉ። በየጉድጓዱ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ሰኩ። በእንጨቶቹ ላይ ሳንቃ አነጠፉ። መንገዱ ልክ እንደ ፎቅ ቤት በረንዳ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ወጣ። ግማሹ ቋጥኝ፣ ግማሹ ጣውላ ሆነ። በእኛ ዘመን ወንዙ ላይ ግድብ ከመሠራቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች ላይ የተቦረቦረው ገደልና የእንጨቶቹ ጉድጓዶች በደንብ ይታያሉ። ጣውላው ራሱ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል።

ይህን ሁሉ የሠራው ወታደር ነው ስል የሚገረም ይኖራል። የሮማ ወታደር ከተዋጋበት ቀን ይልቅ የቆፈረበት ቀን ይበዛል። ሮም ከተማ ውስጥ የቆመው የትራያን ዓምድ ይህን ያሳያል። ዓምዱ በ113 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። የዳኪያን ጦርነት ከታች እስከ ላይ በተቀረጸ ምስል ይተርካል። በምስሉ ላይ ወታደሮቹ እንጨት ሲቆርጡ፣ ድንጋይ ሲሸከሙ፣ ምሽግ ሲገነቡ ደጋግመው ይታያሉ። ሌጌዎኖቹ የራሳቸው ቀያሾች፣ ግንበኞችና አናጢዎች ነበሯቸው።

አሁን ስለ ትራያን። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ቅዱስ አግናጥዮስ ለአንበሳ የተሰጠው በዚህ ቄሣር ዘመን ነው፤ ስሙን በዚያ በኩል የሰማችሁት ትኖራላችሁ። ወደ ሥልጣን የመጣው በ98 ዓ.ም. ነው። ሲነግሥ ሮም ውስጥ አልነበረም። ወደ ሮም ከመሄዱም በፊት ወደ ዳኑብ ጠረፍ መጥቶ ነበር። ለምን ወደዚያ እንዳተኮረ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

በድምጥያኖስ ዘመን ዳኪያውያን ዳኑብን ተሻግረው የሞይሲያን ገዥ ኦፒዩስ ሳቢኑስን ገደሉት። ለበቀል የተላከው የጦር አለቃ ኮርኔሊዩስ ፉስኩስም ወንዙን ተሻግሮ ገባ፤ እሱም ከብዙ ሠራዊቱ ጋር እዚያው ቀረ። ከዚያ ሮማውያን አንድ ጦርነት አሸነፉና በ89 ዓ.ም. ሰላም ተደረገ። የሰላሙ ዋጋ ግን ለሮማ የሚያኮራ አልነበረም። የዳኪያው ንጉሥ ዴኬባሉስ ከሮማ ገንዘብም የእጅ ባለሙያም ተሰጠው። ድምጥያኖስ መንገዱን ያስጠገነው ከዚህ ሰላም በኋላ ነው። ሰላሙ እንደማይዘልቅ የገባው ይመስለኛል።

ድምጥያኖስ በ96 ዓ.ም. በገዛ ሰዎቹ ተገደለ። የሮማ ሸንጎ መታሰቢያው እንዲጠፋ፣ ስሙም ከየድንጋዩ እንዲፋቅ ወሰነ። ከእሱ በኋላ የመጣ ማንም ባለሥልጣን «ይህን ድምጥያኖስ ጀምሮት ነበር» ብሎ የሚናገርበት ምክንያት አልነበረውም። ትራያን ደግሞ ተወዳጅ ሆነ፣ አሸነፈ፣ ዓምድ ተተከለለት። በእኔ እይታ የመንገዱ ዝና ሙሉ በሙሉ ወደ ትራያን የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሆኖም የትራያን ሥራ ትንሽ አልነበረም፤ ሚዛኑን መጠበቅ አለብኝ። የእሱ ጽሑፍ የተቀረጸው በ100 ዓ.ም. ነው። ስፍራው ካዛን የሚያበቃበት አካባቢ፣ በዛሬው ሰርቢያ በኩል ነው። ማዕረጎቹን ይዘረዝርና ተራራ አስቆርጦ መንገዱን እንደሠራ ይናገራል። ዙሪያውን ዶልፊኖች፣ ጽጌረዳዎችና ክንፉን የዘረጋ ንስር ያጌጡታል። ከጢባርዮስና ከቀላውዴዎስ ጽሑፎች ጋር ሲነጻጸር ቦታው ወደ ታች፣ ወደ ምሥራቅ ነው። እንግዲህ ከላይ በኩል የተጀመረውን መንገድ፣ እጅግ አስቸጋሪ በሆነው በካዛን በኩል አሳልፎ ወደ ሜዳው ያደረሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል። የመጨረሻውና ከባዱ ድርሻ የእሱ ነበር።

በዚያም አላቆመም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ101 ዓ.ም.፣ ወንዙ ወለል ላይ የተጋደሙትን ቋጥኞች ለማምለጥ ቦይ አስቆፈረ። ቦይው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ይህ በሌላ ጽሑፍ ተረጋግጧል። በ1969 የዩጎዝላቪያ አርኪዮሎጂስቶች ዲያና በሚባለው የሮማ ምሽግ አቅራቢያ የድንጋይ ጽሑፍ አገኙ። የፏፏቴዎቹን አደጋ ለማስቀረት ወንዙን አዙሮ የዳኑብን የጀልባ ጉዞ አስተማማኝ እንዳደረገው ይገልጻል። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። መንገዱና ወንዙ የአንድ ዕቅድ ሁለት ክንድ እንደነበሩ በሠሪው አንደበት ያረጋግጣልና። መንገዱ በ100 ዓ.ም.፣ ቦይው በ101 ዓ.ም.፣ ጦርነቱም የተጀመረው በዚያው በ101 ዓ.ም. ነው።

የመጀመሪያው ጦርነት በ102 ዓ.ም. አበቃ። ቀጥሎ የመጣው ድልድዩ ነው። ከ103 እስከ 105 ዓ.ም. የደማስቆው ተወላጅ መሐንዲሱ አፖሎዶሮስ ከገደሉ በታች፣ ወንዙ ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ ዳኑብን የሚያሻግር ድልድይ ሠራ። ርዝመቱ ወደ 1,135 ሜትር ይጠጋል። ውሃው ውስጥ 20 ምሰሶዎች ቆሙ፤ ከላይ ያለው አካል የእንጨት ቅስት ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እሱን የሚያህል ረጅም የቅስት ድልድይ አልተሠራም ይባላል። በደቡብ ዳር ፖንቴስ፣ በሰሜን ዳር ድሮቤታ የሚባሉ ምሽጎች ይጠብቁት ነበር። ሁለተኛው ጦርነት በ105 ዓ.ም. ተነሳ፤ በ106 ዓ.ም. ዴኬባሉስ እንዳይማረክ ራሱን ገደለ። ዳኪያ የሮማ ክፍለ ሀገር ሆነች።

ከዚያ በኋላስ? መንገዱ ለጊዜው ከጠረፍነት ወጣ፤ ጠላት የነበረው ማዶ የራሳቸው ሆኗል። ጀልባው ግን አሁንም መጎተት አለበት። ሐድርያን ሥልጣን ሲይዝ የድልድዩን የእንጨት አካል አስነሳው፤ ጠላት ተሻግሮ እንዳይመጣ ብሎ ነው ይላል ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ። በ270ዎቹ ቄሣሩ አውሬሊያን ዳኪያን ትቶ ወጣ። ዳኑብ እንደገና ጠረፍ ሆነ። ምሽጎቹም መንገዱም እንደገና ተፈለጉ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቄሣሩ ዮስጢንያኖስ በዚህ ዳር ያሉ ምሽጎችን አሳደሰ። ከዚያ አቫሮችና ስላቮች የሚባሉ ሕዝቦች መጡ፤ የሮማ ጠረፍ ፈረሰ። የሚጠግነው ሲጠፋ እንጨቱ ወደቀ፤ ቋጥኙ ብቻ ቀረ።

የመንገዱን ማረፊያ ጣቢያዎች ስም ግን መንገዱ ከወደቀ በኋላም ከአንድ ካርታ እናውቃለን። ከሮማ ዘመን የተወረሰ አንድ የመንገድ ካርታ በመካከለኛው ዘመን ተገልብጦ ተርፏል። ዛሬ ቪየና ይገኛል፤ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ጥቅል ብራና ነበር። በዚያ ላይ በዳኑብ ደቡባዊ ዳር ቪሚናሲየም፣ ታሊያታና ሌሎች ጣቢያዎች ከነርቀታቸው ተዘርዝረዋል። ካርታው ላይ ስለ ገደሉ አንድ ቃል የለም። እንደማንኛውም መንገድ ነው የተሳለው።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር ከማዶ ያለው መንገድ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ የሃንጋሪው መኳንንት ኢሽትቫን ሴቼኒ በዳኑብ ላይ የእንፋሎት መርከብ እንዲሄድ ይጥር ነበር። በኢንጂነሩ ፓል ቫሻርሄዪ አማካይነት በሰሜኑ ገደል ላይ መንገድ አስቆረጠ። ጢባርዮስ ከጀመረው 1,800 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ሸለቆ፣ በተቃራኒው ዳር፣ ለዚያው ጉዳይ። እነዚህኛዎቹ ባሩድ ነበራቸው። የሮማውያኑን ሥራ በየቀኑ ከፊት ለፊታቸው ያዩት ነበር።

የጠፋበት ታሪክ እንግዲህ የቅርብ ነው። ዩጎዝላቪያና ሩማኒያ በጋራ ግድብ ሊሠሩ ተስማሙ። ግንባታው በ1964 ተጀመረ፤ በ1972 ተጠናቀቀ። ግድቡ አጠገብ ውሃው ከ30 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሳ። አሮጌዋ የኦርሾቫ ከተማ ሰጠመች። ቱርኮች ይኖሩባት የነበረችው አዳ ካሌ ደሴትም ሰጠመች። ከሮማውያን በሺህ ዓመታት የሚቀድመው የሌፔንስኪ ቪር መንደር ፍርስራሽ ግን ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ። አርኪዮሎጂስቶች ውሃው ሳይቀድማቸው ይቆፍሩ፣ ይለኩ፣ ፎቶ ያነሱ ነበር። ስለ መንገዱ ከምናውቀው ጥቂት የማይባለው የተገኘው በእነዚያ ጥድፊያ ዓመታት ነው። ግድቡ ኤሌክትሪክ ሰጥቷል፤ ለመርከቦችም ገደሉን አለዝቧል። እሱን አልክድም። የሠራዊቶቹ እጅ ሥራ ግን አብሮ ሄዷል፤ ሐዘኔን አልደብቅም።

የትራያን ጽሑፍ ከነቋጥኙ ተቆርጦ ከ20 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነሳ። ዛሬ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ በፎቶ የምታዩት እሱ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ስታዩ መንገዱን ከጽሑፉ ሥር ጥልቅ ውሃ ውስጥ አስቡት። ጽሑፉ ላይ የምታዩት ጥቁረትና ጉዳት ደግሞ ከግድቡ በፊት የመጣ ነው። ዓሣ አጥማጆችና ጀልበኞች ለዘመናት ከሥሩ ተጠልለው እሳት ያነድዱ ነበር፤ ጭሱና ሙቀቱ ድንጋዩን አበላሸው።

ሄዶ ለማየት ለሚፈልግ አንድ ምክር አለኝ። በሰርቢያ በኩል ያለው የመኪና መንገድ ከጽሑፉ በላይ ስለሚያልፍ ከእሱ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ጀልባ መከራየት ያስፈልጋል። ገደሉን በሮማውያኑ ዓይን ለማየትም የተሻለው በውሃ መሄድ ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ የአፖሎዶሮስ ድልድይ ምሰሶዎች ቅሪት በሁለቱም ዳር ታገኛላችሁ፤ በሰርቢያ ኮስቶል መንደር፣ በሩማኒያ ድሮቤታ-ቱርኑ ሰቬሪን ከተማ።

ግዙፉ ፊት የዴኬባሉስ ነው፤ ያ የተሸነፈው የዳኪያ ንጉሥ። ጥንታዊ ይመስላል እንጂ የተቀረጸው ከ1994 እስከ 2004 ነው። ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ዮሲፍ ኮንስታንቲን ድራጋን የተባለ ሩማኒያዊ ባለሀብት ነው። አሥራ ሁለት ቀራጮች ገደል ላይ ተንጠልጥለው አሥር ዓመት ሠሩበት። ከፊቱ ሥር በላቲን «ንጉሥ ዴኬባሉስ፤ ድራጋን ሠራው» የሚል ተጽፏል። የቀራጮቹ ስም እዚያ ጽሑፍ ላይ የለም። ከማዶ በጢባርዮስ ጽሑፍ ላይ ግን ቢያንስ የሁለቱ ሌጌዎኖች ስም ሰፍሮ ነበር።